አጥንት ያጣራው ውሃ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ዓለም ጤና

የእድራችን ሊቀ መንበር ወደ ዓለም ጤና ከተማ ሲልኩኝ «ሲስተር አስካለ፣ ያየሽውን በሁለት ገጽ አቅርቢልን» ብለውኝ ነበር። ሁለት ገጽ አልበቃኝም። እናንተ የደብረ ብርሃን ሰዎች ሙቀት ስለምትፈሩ ወደዚያ እንደማትወርዱ አውቃለሁ። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድም፣ የበላሁትንም፣ ያፈርኩበትንም ሳላስቀር ጽፌላችኋለሁ።

ለምን እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። እድራችን ያጠራቀመው ገንዘብ ለጤና ጣቢያው አልትራሳውንድ ይገዛበት ወይስ ምንጩ ይከለልበት በሚለው ሦስት እሑድ ተጨቃጭቀናል። እኔ የማሽኑ ወገን ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት በመርፌ ክፍል የኖረች ነርስ ሌላ ምን ልትል ኖሯል? በሽተኛ ፊቴ ተኝቶ እያቃሰተ ስለ ምንጭ የሚያወራኝ ሰው ደሜን ያፈላው ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን በዓለም ጤና አቅራቢያ ያለ አንድ የገጠር እድር ከድንኳንና ከመቃብር አልፎ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ እንደሠራ ሰምተው፣ «ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ነይ» አሉኝ። ሄድኩ።

ረቡዕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነሳ ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ፣ የሱፍ ካልሲ አጥልቄ ነበር። ላምበረት ስደርስ ጋቢውን አወለቅኩ። ቃሊቲ መናኸሪያ ሹራቡ ተከተለ። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስንወርድ ካልሲዬን ስታገል ያየኝ ረዳት «እናቴ፣ ገና ሞጆ ነን፣ ለአዳማም የሚወልቅ ያስቀሩ» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ስለ መንገዱ ግን ሳልናገር አላልፍም። የኛ አገር መንገድ ገደሉን እየለመነ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ማንንም ሳይለምን ይሄዳል። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ ተራሮች አሉ፤ ሰማዩ ደግሞ ከኛው በእጥፍ የሰፋ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ ነው የወረድኩት።

አዳማ የተቀበለችኝ ሮማን ናት፤ በነርሲንግ ትምህርት ቤት አንድ አልጋ ላይና ታች የተኛን ጓደኛዬ። እሷ ሥራዋን ሁሉ ወባ መከላከል ላይ ነው የጨረሰችው። በባጃጅ ቤቷ ወስዳ ሽሮ በሚጥሚጣ አበላችኝና አልጋ አሳየችኝ። ለእንግዳ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቦ መስጠት ነው የኛ ወግ። ሮማን የሰጠችኝ አንድ ስስ አንሶላና ከጣሪያ የተንጠለጠለ አጎበር ነው። ለመግባት ስሞክር ተጠላለፍኩና ማሰሪያውን ከነምስማሩ አወረድኩት።

«ስንቱን ሰው አጎበር አሰቃቀል አስተምሬያለሁ፤ እንዳንቺ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም» አለች እየሳቀች፣ ወንበር ላይ ቆማ መልሳ እየሰቀለችው።

እኔም ነገር ፈለግኋት። «ይልቅ እኔ ደብረ ብርሃን ገበያ ስወጣ ያከምኳቸው ሰዎች እየሳሙኝ መንገድ አላልፍም። አንቺን ዛሬ ከመናኸሪያ እስከዚህ ማን ሰላም አለሽ?»

ምስማሩን መታ መታ አደረገችና ወረደች። «ማንም» አለች። «ያልታመመ ሰው ምን ብሎ ያመስግነኝ? ሳይታመም መቅረቱን በምን ያውቃል?»

ቀልዴ ነበር፤ እሷ ግን አልቀለደችም። አጎበሩ ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ

ሮማን ሶደሬ ወሰደችኝ። ምድር ውሃ አፍልታ ስትሰጥ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ እንፋሎቱ ከድንጋይ መሀል ሲወጣ ሳይ አማተብኩ። እኛ ለእግር መታጠቢያ አንድ ማሰሮ ውሃ ለማሞቅ እንጨት ስንቆጥብ፣ እዚህ እግዜር ያለ እንጨት ያፈላል። እግሬን ነክሬ ቁጭ እንዳልኩ ከቤት ያመጣሁትን ድፎ ዳቦ አንዲት ጦጣ ከነፌስታሉ ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ከላይ ሆና ቅርፊቱን እየላጠች ጣለችብን፤ የምትበላው ልቡን ብቻ ነው።

«ይሄ ያደነቅሽው እሳት ነው ነገ የምታዪውን ችግር ያመጣው» አለችኝ ሮማን። የስምጥ ሸለቆው መሬት ከሥሩ እሳተ ገሞራ ስለሆነ፣ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ተሸክሞ ይወጣል። ጥቂቱ ለጥርስ መድኃኒት ነው፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥም አለ። ሲበዛ ግን የሕፃኑን ጥርስ ያበላሻል፤ ዕድሜ ልክ ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይከማችና ሰውን ያደርቃል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት።

«የለውም። አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያወጣዋል?»

ዓርብ

በሚኒባስ ወደ ሞጆ ተመልሼ፣ ከዚያ በቆቃ በኩል ወደ ዓለም ጤና። ሮማን አዳማ ስለቀረች ብቻዬን ነኝ። ዓለም ጤና በሽንኩርት ከረጢት የታጠረች ከተማ ናት፤ መንገዱ ዳር እንደ ግንብ ተደርድሮ አይቻለሁ። እኛ አንድ ኪሎ ስንገዛ የምንማረርበት ሽንኩርት እዚህ የተረገጠው ብቻ ሰፈራችንን ወር ይቀልባል።

የተቀበለኝ የእድሩ ጸሐፊ ጀማል ነው፤ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቁመናው ያማረ ጎረምሳ። ዕቃዬን ተቀብሎኝ ፈገግ ሲል ጥርሱ ቡናማ ሆኖ የተቦረቦረ ነው። ነርስነቴ ቀደመኝ።

«ጀማል ልጄ፣ ጫቱን መቀነስ ነው» አልኩት። «ሲጋራም አለበት መሰለኝ።»

በእጁ አፉን ሸፈነ። «ሲስተር፣ ሁለቱንም ቀምሼ አላውቅም» አለኝ። «ውሃው ነው።»

ሮማን ትናንት ያን ሁሉ ነግራኝ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ሰው በሱስ ከሰስኩት። ይቅርታ ብዬ ለመንኩት። «ሁሉም ሰው ነው የሚለኝ፤ ለምጀዋለሁ» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅም እጁ አፉ ላይ ነበር።

ያደርኩት ከከተማው ወጣ ባለችው መንደራቸው፣ በወላጆቹ ቤት ነው። እናቱ አዴ ፋጡማ በኔ ዕድሜ ያሉ፣ ቀጠን ብለው ፈጣን ናቸው፤ የውሃውን ቦኖ ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። አባቱ ኦቦ ከድር እድሩን ለብዙ ዓመት መርተዋል። ዛሬ ግን በረንዳ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ይውላሉ። ወገባቸው አይታጠፍም፣ አንገታቸው አይዞርም፤ ሊያዩኝ ሲፈልጉ ዓይናቸውን ብቻ ነው ያዞሩት። «አካም ጅርቱ» ብዬ በአፋን ኦሮሞ ደህንነታቸውን ስጠይቃቸው «ነጋ፣ ነጋ፤ ቀና ብዬ እንዳልቀበልሽ ቀና ማለት ረሳሁ» አሉኝ።

አዴ ፋጡማ ወተት ይዘው መጡ። ዓርብ ስለሆነ ጾም ነኝ አልኩ። «ውይ፣ ረሳሁት» ብለው ውሃ በብርጭቆ አመጡ። ከንፈሬ ጋ ሳደርሰው ማጣሪያው ውስጥ ፍሎራይዱን የሚይዘው የከብት አጥንት ከሰል እንደሆነ ጀማል መንገድ ላይ የነገረኝ ትዝ አለኝ። እጄ ቆመ። ነርስ ሆኜ፣ የጠራ ውሃ ይዤ፣ ያስገድፋል አያስገድፍም እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

ኦቦ ከድር አንገታቸው ሳይንቀሳቀስ ሆዳቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «አንቺም?» አሉኝ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ።

ማጣሪያውን ሊሠሩ ሲነሱ አጥንቱን ማን ያረደው ከብት ነው የሚል ጥያቄ ተነሳ። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያን። የእድሩ አባል ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ሁለት በርሜል፣ ሁለት ቧንቧ ሠሩ፤ አንዱ የክርስቲያን፣ ሌላው የሙስሊም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ክርስቲያኑ ከራሱም በርሜል አልጠጣ አለ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ወደ ድሮው ጉድጓድ ተመልሶ የሚያደርቀውን ውሃ ጠጣ። ከጽድቅ ብዛት ልጆቻቸውን መልሰው ሊመርዙ ነበር።

ኦቦ ከድር ያኔ በእግራቸው ነበሩ። ቄሱንና ሼኩን ለየብቻ ለመኗቸው። በአንድ ዓርብ፣ ሼኩ ከጁምዓ እንደወጡ፣ ቄሱ ደግሞ ጾማቸውን እንደያዙ፣ ሁለቱም ቦኖው ጋ ቆሙ። ቄሱ ጥቁሩን ከሰል አንስተው በጣታቸው ፈረከሱና «እሳት የጨረሰው ነገር ሥጋ አይደለም፤ ይሄ አመድ ነው» ብለው ከሙስሊሙ በርሜል ጠጡ። ሼኩ ከክርስቲያኑ ጠጡ። በማግስቱ ሁለቱ በርሜሎች ባንድ ቧንቧ ተገናኙ።

ብርጭቆውን ጠጣሁት። እንደኛ ምንጭ ቀዝቃዛ አይደለም፤ ግን ውሃ ስጠጣ እንደዚያ ቀን ልቤ የተነካበት ጊዜ የለም።

ቅዳሜ

አዴ ፋጡማ ለእንግዳቸው ዶሮ ሊሠሩ አስበዋል፤ እሳቸው ቤት ቢታረድ ግን እኔ አልበላም። ስለዚህ ዶሮዋን አቅፈው ወደ ጎረቤታቸው ወደ እቴነሽ ቤት ሄዱ። የእቴነሽ ባል አረደ፤ እቴነሽ በራሷ ድስት ወጡን ሠርታ፣ አራት ልጆቿን አስከትላ አመጣችልኝ። ሽንኩርቱንና ቅቤውን የሰጡት አዴ ፋጡማ ናቸው፤ እሳቸው ግን አልቀመሱትም፤ እኔ ስበላ አጠገቤ ተቀምጠው «ብይ፣ ብይ» ይሉኛል። ሰው የማይበላውን ምግብ እንዲህ ለፍቶ ለእንግዳ ሲያዘጋጅ የት አይቻለሁ?

ከምሳ በኋላ የእቴነሽ ልጆች ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ ጥርሳቸውን አየሁ። ትልቁ እንደ ጀማል ነው። ማጣሪያው ከተሠራ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ግን ጥርሳቸው እንደ ወተት ነው። ባንድ እናት ልጆች አፍ ውስጥ ድንበሩ እንዲህ ተሰምሮ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ፈውስ በእጄ አላለፈም፤ አንድም መርፌ የለበትም።

ያኔ ጀማል ችግሩን ነገረኝ። ከሰሉ ዘላለም አይሠራም፤ እነሱ «ጠገበ» ይሉታል። ከወረዳ መጥቶ ውሃውን የለካው ባለሙያ ከሰሉ መጥገቡን፣ ካሁን በኋላ የሚጠጡት እንደ ድሮው መሆኑን ነግሯቸዋል። አዲስ ከሰል ተቃጥሎ የሚመጣው በገንዘብ ነው። በዚያው ወር ደግሞ የአዳማ ሐኪም ለኦቦ ከድር ወረቀት ጻፈ፦ አዲስ አበባ ሄደው የጀርባ አጥንታቸው ኦፕራሲዮን ይደረግ፣ ነርቩን እየተጫነው ነው፣ ካልሆነ እግራቸው ጨርሶ ይያዛል። የእድሩ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ስብሰባው ነገ ነው።

አዴ ፋጡማ ወረቀቱን ከሻንጣ አውጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። እስካሁን በአንቱታ ነበርን፤ ያን ሰዓት ቀረ።

«አንቺ የሐኪም ቤት ሰው ነሽ። ነገ ይጠይቁሻል። ይድናል በይልኝ።»

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ እጇ ላይ መለስኩት።

እሑድ

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ቦኖው ጋ ካለው ግራር ሥር ነው። እንደኛ እጅ አያወጡም፤ በእግር ነው የሚወስኑት። ከሰሉን የፈለገ ወደ በርሜሉ፣ ሕክምናውን የፈለገ የድንኳኑ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ቤት ሄዶ ይቆማል። ጸሐፊ ይቆጥራል እንጂ አይቆምም። ጀማል ደብተሩን ይዞ መሀል ነበር። ኦቦ ከድርንም ከነወንበራቸው አምጥተው ከግራሩ ሥር አስቀምጠዋቸዋል።

መጀመሪያ የተናገረችው ፋጡማ ናት። ድምጿን አላነሳችም።

«ከድር ሲሞት ድንኳን ትተክሉለታላችሁ። ሦስት ቀን አብራችሁኝ ትቀመጣላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናችሁ። እኔ ድንኳን አልፈልግም። የሱን የቀብር ገንዘብ አሁን በሕይወቱ ስጡኝ። ሲሞት እኔና ልጄ እንቀብረዋለን።»

 ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው የእድር ሥራ ሁሉ ያን ደቂቃ ፊቴ ላይ ቆመ። እኛም እኮ ለሞተ ሰው ፈጥነን እንደርሳለን።

ከዚያ እቴነሽ ትንሹን ልጇን እንዳዘለች ተነሳች። «ፋጡማ ለኔ እህቴ ናት» አለች። «ግን ይሄኛው ገና ጥርሱን እያወጣ ነው። ይሄን ውሃ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ከጠጣ...» አልጨረሰችውም።

የነሱ እድር ሊቀ መንበር ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተር፣ እንግዳችን ነዎት፣ አይቆሙም። ግን እውነቱን ይንገሩን። ኦፕራሲዮኑ ያድነዋል?»

ፋጡማ አየችኝ። የነርስነት ዘመኔን ሁሉ የበሽተኛ ቤተሰብ እንደዚያ ሲያየኝ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ «አይዞሽ፣ ይድናል» ማለት አፌ ለምዶታል። ያን ቀን እንዲህ አልኩ፦ «እግራቸው ሳይያዝ ሊያቆየው ይችላል። ሕመሙንም ሊቀንስ ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የደረቀውን አጥንት ግን ማንም አይመልሰውም።»  እውነት ተናግሬ እንዲያ የጠላሁት ቀን የለም።

ሰው መነሳት ጀመረ። ወደ በርሜሉ የሚሄዱት አንገታቸውን ደፍተው ነው። ፋጡማ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች፤ ብዙ ሽማግሌዎችም ተከተሏት። እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ኦቦ ከድር «ጀማል» አሉ። «ና አንሳኝ።»

ጀማል ደብተሩን መሬት ላይ አኖረ። አባቱን ከወንበሩ አቅፎ አነሳና በአፋን ኦሮሞ ወዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ በርሜሉ አዞሩ። ልጁ አባቱን ተሸክሞ ያችን ሃያ እርምጃ እንዴት እንደሄዳት እኔ ልነግራችሁ አልችልም። እዚያ ደርሶ አቆማቸውና እንዳይወድቁ ከጀርባቸው ደግፎ ቆመ። እሱ ጸሐፊ ስለሆነ ድምፁ አልተቆጠረም።

«ጻድቅ ሆኜ አይደለም» አሉ ኦቦ ከድር። «ቢላዋውንም ፈርቼዋለሁ። ግን ይሄን ውሃ ስለምን አስጠጣኋችሁ? እኔ በእግሬ እንድሄድበት አልነበረም።»

ከግቢው ማዶ ፋጡማ ባሏን አየችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከሰሉ አሸነፈ። የኦቦ ከድርን ለከርሞ እናያለን ተባለ። «የከርሞ ወገብ የት አለው» አለች ፋጡማ ለራሷ፤ የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይ ገና ነበረች። ፋጡማን ይቅር በይኝ ልላት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ተይው። ዋሽተሽ ቢሆን እሱ ያውቅብሽ ነበር። ይልቅ ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት እንደማገላብጠው አሳይኝ፤ ብቻዬን ይከብደኛል።» ከመምሸቱ በፊት ያለውን ሰዓት ሁሉ በዚያ አሳለፍን፤ ትራሱን የት እንደምታደርግ፣ እግሩን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ከየት ይዛ እንደምታነሳ። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ ጀማል ደግሞ ጠዋት ጠዋት እርሻ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ማን ልክ ነበር ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የተቃጠለው ሰው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያየን ምን እንደሚደረግ ተረቱ አይናገርም። ማሽኑን ተዉት አልላችሁም፣ ምንጩንም ተዉት አልላችሁም። ስንወስን ግን የሚጎዳውን ሰው ስሙን ጠርተን፣ ዓይኑን እያየን እንወስን። እነሱ እንዲያ አድርገዋል።

ሰኞ

መኪናው በሁለት ሰዓት ነበርና ጠዋት ዕቃዬን ይዤ ቦኖው ጋ ቆምኩ። አዴ ፋጡማ ቁልፉን እንደ ሁልጊዜው አውጥታ ከፈተች። አዲሱ ከሰል እስኪመጣ ከዛሬ ጀምሮ የሚቀዳው ወረዳው ለጥቂት ቀን ከሩቅ በቦቴ የላከው ውሃ ነው፤ ለሁሉም እኩል እኩል ነው የምታድለው። ትናንት በርሜሉ ጋ ቆመው ያሸነፏት ሴቶች ተሰልፈዋል። አንድም ሰው ቀና ብሎ አያያትም። እሷ የሁሉንም ጀሪካን ተራ በተራ ሞላች።

እቴነሽ የለችም። ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ነው ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን አስይዛ የላከችው። አዴ ፋጡማ ጀሪካኑን ተቀብላ ከቧንቧው ሥር አኖረችው፤ ግን አልከፈተችም።

«ይሄ ለአንቺ ወገብ ከባድ ነው» አለቻት። «እናትሽ ራሷ ትምጣ። ፋጡማ አልተቀየመችሽም በያት።»

ልጅቷ ሮጠች። ሊሸኘኝ ከእርሻ የቀረው ጀማል መኪናው ሊሄድ ነው አለኝ፤ ቆይ አልኩት።

እቴነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አድርጋ መጣች። አዴ ፋጡማ ውሃውን ከፍታ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላችው፤ ክዳኑንም ራሷ አጠበቀችው። 

«ኦቦ ከድር እንዴት አደሩ?» አለች እቴነሽ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያየች።

«ገና አላገላበጥኩትም» አለች አዴ ፋጡማ፣ ቧንቧውን እየቆለፈች። «ብቻዬን አልቻልኩም። ነይ፣ አብረን እናንሳው።»

ጀሪካኑን እዚያው ትተው ሁለቱም ወደ ቤት ገቡ።